ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ስለ ፊደል አጠናን
ስለ ፊደል ትምህርት በሚነገርበት ቦታ ሁሉ አንድ የተለመደ አባባል አለ። የቻይና ልጅ ብዙ ሺህ ምልክት ለማጥናት ዓመታት ይፈጅበታል፤ የኢትዮጵያ ልጅ ግን ከሀ እስከ ፐ ያለውን ገበታ በጥቂት ወራት ቆጥሮ ይነሣል፤ ይህም የሆነው የቻይናው ጽሕፈት ትርጉምን፥ የእኛው ግን ድምፅን ብቻ የሚያመለክት ስለ ሆነ ነው ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ አባባል ለአገራችን ፊደል በእርግጥ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ነው። ለጥናታችን የመረጥነው ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙትን ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን፥ በዙሪያቸውም ያለውን የምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው። አገሩ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን ያስወለዱት በነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለችው በማንኩሳ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ነገሩ እንዳይበዛብን ከገበታው ሁለት ፊደሎችን ብቻ፥ ሠንና ሰን፥ ይዘን እንሄዳለን፤ ሌሎቹን ሲያስፈልጉ እንጠራቸዋለን።

በመጀመሪያ የቻይናው ተማሪ አንድ ምልክት «ዐወቀ» የሚባለው ምን ሲያደርግ እንደ ሆነ እንመልከት። መልኩን ለይቶ፥ ድምፁን ከነዜማው ጠርቶ፥ ትርጉሙን ተናግሮ፥ ጭረቶቹንም በተወሰነላቸው ተራ ጽፎ ሲያሳይ ነው። ለምሳሌ «እናት» ማለት የሆነው «ማ» የሚጻፈው በግራ በኩል የሴት ምልክት፥ በቀኝ በኩል የፈረስ ምልክት ተደርጎ ነው። ፈረሱ እዚያ የገባው ከእናት ጋራ ዝምድና ኖሮት ሳይሆን የእርሱም ስም፥ በዜማ ብቻ ተለይቶ፥ «ማ» ስለሚባል ነው። ስለዚህ ግማሹ ምልክት ለትርጉም፥ ግማሹ ለድምፅ ይመሰክራል። እጁን ለማሠልጠንም ተማሪው «ዮንግ» የሚባለውን፥ «ዘላለም» ማለት የሆነውን ምልክት ደጋግሞ ይጽፋል፤ ስምንቱ ዋና ዋና የብሩሽ ጭረቶች በዚህ በአንዱ ምልክት ውስጥ ተሰብስበው ስለሚገኙ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በቻይና የወጣው የተለመዱ ምልክቶች ዝርዝር 3,500 ምልክት ይዟል። የአማርኛው ገበታ ግን 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እንደ ቈ፥ ጐ፥ ኰና ኈ ያሉት ዲቃሎች ሲጨመሩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በቍጥር በኩል ያለው ልዩነት እንግዲህ የሚያከራክር አይደለም።

ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ግን ከቍጥሩ ይልቅ አንድ ትንሽ የቻይኖች ልማድ ነው። በቻይና «ጃንግ» የሚባል የቤተ ሰብ ስም አለ፤ በድምፅ ከእርሱ የማይለይ፥ በጽሕፈት ግን ፈጽሞ ሌላ የሆነ ሁለተኛ «ጃንግ»ም አለ። ስለዚህ አንድ ሰው ስሙን ሲናገር «ጃንግ ነኝ፤ ቀስትና ረዥም ያለበት» ወይም «መቆምና ማለዳ ያለበት» ብሎ ምልክቱ የተሠራባቸውን ክፍሎች ይጠቅሳል። ሰሚውም ያን ጊዜ በልቡ ይጽፈዋል። ይህን የሚያነብ የጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለንም። እርሱም «በየትኛው ሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ «በንጉሡ» ወይም «በእሳቱ» ብሎ ይመልሳልና።

በድምፅ አንድ የሆኑት ፊደሎቻችን ሞክሼዎች ይባላሉ፤ እንደ ስም ሞክሼ ማለት ነው። እያንዳንዱም የሚለይበት ቅጽል አለው። ሃሌታው ሀ ከሃሌ ሉያ፥ ሐመሩ ሐ መርከብ ከሚባለው ከሐመር፥ ብዙኃኑ ኀ ከብዙኃን ተሰይመዋል። ንጉሡ ሠ ንጉሥ ስለሚጻፍበት፥ እሳቱ ሰ እሳት ስለሚጻፍበት እንዲህ ተባሉ። አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፥ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ ናቸው። ልብ እንበል፤ ፊደሉ የተጠራው በድምፁ አይደለም፤ ድምፁማ ከሞክሼው ጋራ አንድ ነው። የተጠራው በሚያስገኘው ቃል፥ ማለትም በትርጉም ነው። ፊደላችን ድምፅን ብቻ ያመለክታል የሚለው አባባል ገና እዚህ ላይ መናጋት ይጀምራል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ለሕፃኑ የሚሰጠው መቼ ነው? በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በየኔታ ደጃፍ ሥር የሚቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ በስንደዶ ጫፍ እየነካ «ሀ ግዕዝ፥ ሁ ካዕብ፥ ሂ ሣልስ» ይላል። ሠ ዘንድ ሲደርስ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ እንደ ዘረጋ የአውድማ መንሽ አድርጎ ያየዋል፤ ሰን ደግሞ በሁለት እግሩ ቆሞ አናቱ ላይ ጉልላት እንዳለው ጎጆ። ሁለቱንም «ሰ» ይላቸዋል። ለምን ሁለት እንደ ሆኑ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም በዚያ ደረጃ መልስ የለውም። ከዚያ በኋላ «አ ቡ ጊ ዳ» እያለ በሌላ ተራ ይቆጥራል፤ ይህም ገበታውን በቃሉ ሸምድዶ እንዳይሆንና ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ የሚያደርግ መፈተኛ ነው። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያነብባል። ዳዊት ሲደግም ንባቡን ጨረሰ ይባላል፤ ወላጆቹም እንደ ዐቅማቸው ይደግሳሉ። ከመንደሩ ልጆች አብዛኞቹ ከዚህ አያልፉም ነበር፤ ወደ እርሻ፥ ወደ ከብት ጥበቃ ይመለሳሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ አንድም ፊደል በእጁ አልጻፈም። ከቻይናው ትምህርት ጋራ ስናስተያይ ከፍተኛው ልዩነት በእኛ አስተያየት የፊደሉ ቍጥር ሳይሆን ይህ ነው። ቻይናዊው ምልክቱን በእጁ እየጻፈ ያጠናል፤ የጎጃሙ ልጅ ግን በጆሮው እየሰማ፥ በአፉ እያዜመ፥ በዐይኑ እየለየ ያጠናል። ጽሕፈት ለብቻው የቆመ ሙያ ነው። ዳዊት የሚደግም፥ ቅዳሴ የሚያደርስ፥ አልፎም ቅኔ የሚቀኝ ሰው ብርዕ ጨብጦ የማያውቅ ቢሆን አያስነውረውም ነበር። እንዲያውም ጽሕፈት ከክታብና ከአስማት ጋራ ስለሚያያዝ ብዙ የሚጽፍ ሰው በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ከሚስዮን ትምህርት ቤት ለወጣን፥ ደብተርና እርሳስ በመጀመሪያው ቀን ለተሰጠን ሰዎች ይህ በቀላሉ የሚገባን ነገር አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ ለእኛ አንድ ሐረግ ነውና።

የቁም ጸሐፊው ሙያ ራሱ ሰፊ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ብራናው በብዙ ቦታ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ከተነከረ በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጕሩ ይፋቃል፤ ደርቆ ከለሰለሰም በኋላ በመጽሐፉ ልክ ይቆረጣል። መስመሩ የሚሰመረው በቀለም ሳይሆን በወስፌ ጫፍ ነው፤ ብራናውን በብርሃን አቅጣጫ ያዘነበለ ሰው የወስፌውን ፈለግ እስከ ዛሬ ያየዋል። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ተቀርጾ ጫፉ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል፥ ከሙጫም ጋራ አዋሕደው ለብዙ ወራት እያቦኩ ያዘጋጁታል፤ በቀንድ ተቀምጦም ቀንዱ በጸሐፊው አጠገብ መሬት ላይ ይተከላል። ቀዩ ቀለም ለእግዚአብሔርና ለእመቤታችን ስም፥ ለመጽሐፉም መክፈቻ ይጠበቃል። የቻይናም ቀለም ከጥድ ጥላሸትና ከእንስሳት ቆዳ ከሚወጣ ማጣበቂያ መሠራቱን ስናነብ አንዱ ከሌላው ሳይማር ሁለት ሩቅ አገሮች ወደ አንድ ምጣድ ሥር መሄዳቸው አስገርሞናል። በአማርኛ «ቀለም» ማለት ጥቁሩ ውሃ ብቻ አለመሆኑም የሚታወቅ ነው፤ ትምህርት ቶሎ የሚገባው ልጅ ቀለም ይዘልቀዋል፥ ታላቁ ሊቅ ደግሞ የቀለም ቀንድ ይባላል።

ጸሐፊው የሚጽፈው ከሌላ መጽሐፍ እየገለበጠ ነው። እናቱ መጽሐፍ «ንጉሥ» በንጉሡ ከጻፈች በንጉሡ፥ ተሳስታ በእሳቱ ከጻፈች በእሳቱ ይገለብጣል። ስሕተቱን የሚያውቀው ቅኔ ቤት ገብቶ የወጣ ከሆነ ነው፤ ጸሐፊ ሁሉ ደግሞ ቅኔ ዐዋቂ አይደለም። እንግዲህ ፊደል ቆጥሮ ያነበበውም፥ ብርዕ ጨብጦ የጻፈውም ሠና ሰ ለምን ሁለት እንደ ሆኑ ሳያውቁ ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ ይችላሉ። ምክንያቱ የሚገኘው በሌላ ቤት ነው።

ያ ቤት ቅኔ ቤት ነው። ጎጃም በዚህ ትምህርት ስሙ የተጠራ ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ ቤቶች ከወሎው ከዋድላ ጋራ በመላ አገሪቱ ይታወቃሉ። ተማሪው ከትውልድ መንደሩ ርቆ፥ ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ «ስለ እመብርሃን» እያለ፥ ከውሻም ጋራ እየታገለ ዓመታት ይቀመጣል። በቀን ቅኔ ይቈጥራል፤ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ከዚሁ ጋራ የኔታ ግስና አገባብ ያስጠኑታል። የግዕዝ ግስ ሁሉ በስምንት አርእስት ሥር ይመደባል፤ እነርሱም ቀተለ፥ ቀደሰ፥ ገብረ፥ አእመረ፥ ባረከ፥ ሤመ፥ ብህለና ቆመ ናቸው። ለቻይናው ተማሪ ስምንቱ የዮንግ ጭረቶች እጁን እንደሚገሩለት ለቅኔው ተማሪ ስምንቱ አርእስት ልቡን ይገሩለታል፤ ከዚያ በኋላ የሰማውን ቃል ሁሉ የየትኛው ቤተ ሰብ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል።

ሞክሼ ፊደል ምክንያት የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። «ሠረቀ» በንጉሡ ሲሆን ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሲሆን የሌባ ሥራ ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፤ «ሰአለ» ለመነ፤ ሠዓሊ የሚሥል፥ ሰአሊ ለነ ደግሞ ለምኝልን ነው። «ኀለየ» ዐሰበ፤ «ሐለየ» ዘፈነ ወይም አዜመ። «ዐብየ» ታላቅ ሆነ፤ «አበየ» እምቢ አለ። «ዓመት» የዘመን መለኪያ፥ «አመት» ግን ገረድ ናት። «መሀረ» አስተማረ፥ «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ፤ ከየኔታ አለንጋ በታች የሚያድረው ተማሪ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በጀርባው ጭምር የሚያጠናው ይመስለናል። አካባቢው ደግሞ የራሱ ምሳሌ አለው። ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ በሰከላ ከግሽ የሚመነጨውን ወንዝ «ታላቅ» ከሚለው ከዐቢይ ጋራ የሚያዛምዱት ሊቃውንት ዓባይ ብለው በዓይኑ ይጽፉታል፤ ዐባይ የዐቢይ አንስታይ ቅጽል ነውና። በአልፋው የጻፈ ግን ወንዙን ሳያስበው ወደ አበየ፥ ወደ እምቢተኛው ወስዶታል።

ይህ ለመዝገበ ቃላት ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት እንዳይመስለን፤ ቅኔ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ኅብር በሚባለው የቅኔ ዓይነት አንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። ተማሪው ስለ ንጋት የተናገረ መስሎ ስለ ሌባ ሊናገር ይችላል፤ ለጆሮ «ሠረቀ»ና «ሰረቀ» አንድ ናቸውና። ቅኔ ደግሞ በልብ ይቈጠራል፥ በአፍ ይነገራል፤ ወረቀት በመካከል የለም። ስለዚህ የሚሰማው ሊቅ የትኛው ፊደል ሰም፥ የትኛው ወርቅ እንደ ሆነ የሚለየው ፊደሉን በልቡ ሰሌዳ ላይ ስሎ ነው። ልዩነቱን የማያውቅ ሰሚ አንድ ትርጉም ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሳይደርሰው ይቀራል። የድምፁ መመሳሰልና የፊደሉ መለያየት ሁለቱም ከሌሉ ይህ የቅኔ ዓይነት አይኖርም። ሞክሼዎች ለሊቃውንቱ ትርፍ ያልሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ የቻይናውም ገጣሚ በድምፅ አንድ በሆኑ ምልክቶች እንዲሁ ይጫወታል።

ሁለቱ ፊደሎች በጥንት ጊዜ በድምፅም ይለያዩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በነገሠው በኤዛና ዘመን በአክሱም ድንጋዮች ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች ሠንና ሰን ይለያሉ፤ በመካከለኛው ዘመን ብራናዎች ግን እየተቀያየሩ ይገኛሉ። ድምፁ ሲዋሐድ የጸሐፊው እጅ ተከትሎታል ማለት ነው። የጥንቱን ልዩነት ለመመስከር ዐረብኛ ጥሩ ረዳት ነው። ግዕዙ በእሳቱ ሰ በሚጽፍበት ቦታ ዐረብኛው ሲን፥ በንጉሡ ሠ በሚጽፍበት ቦታ ዐረብኛው ሺን ይዞ ይገኛል። ነፍስ በዐረብኛም ነፍስ ነው፤ ዐሥር ግን ዐሽር፥ የራስ ጠጕር የሆነው ሥዕርት ደግሞ ሸዕር ይባላል። በቡሬ ገበያ ቁርኣን የቀራ ነጋዴና ቅኔ የተማረ ደብተራ ቢገናኙ ይህን ፊደል ያለ መጽሐፍ ሊተራረሙበት ይችላሉ። የአውሮፓም ሊቃውንት፥ በተለይ በ1865 እ.ኤ.አ. የግዕዝ መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው ዲልማን፥ ቃላቱን በየሥራቸው ሲመድቡ ይህን መለያየት ጠብቀዋል።

የፍኖተ ሰላም ስም ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ቦታው ቀድሞ ወጀት ይባል እንደ ነበርና ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ መንገድ በማለፋቸው ፍኖተ ሰላም፥ ማለትም የሰላም መንገድ፥ ተብሎ እንደ ተሰየመ ይነገራል። ሰላም በዐረብኛ በሲን ስለሚነገር በግዕዝ በእሳቱ ሰ ይጻፋል። (በዕብራይስጥ ሻሎም መባሉ አንባቢን እንዳያደናግር፤ የዕብራይስጡ ሺን እንደዚህ ባሉ ቃላት በዐረብኛ ሲን፥ በግዕዝም እሳቱ ሰ ሆኖ ይመጣል።) በከተማይቱ የሱቅ ሰሌዳዎች ላይ ግን «ፍኖተ ሠላም» ተብሎ በንጉሡ የተጻፈው ደጋግሞ ይታያል። ሰሌዳ የሚጽፉት ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ሠ ለዐይን ሞላ ብሎ ያምራል የሚል ነው። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ፊደል ከድምፁ ሌላ መልክ እንዳለው እነርሱም ዐውቀዋል፥ የሚያጡት ትርጉሙን ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን በሁለት ለውጦች ውስጥ እናገኘዋለን ብለን እናምናለን። አንደኛው የማተሚያው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት በተለይ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ያሠራጩት የታተመ የፊደል ገበታ በየመንደሩ ገባ፤ የኔታ በሌሉበትም ልጅ ፊደል መቍጠር ቻለ። ሁለተኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተከተለው። እነዚህ ለሕዝቡ ያደረጉት ጥቅም እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ቀድሞ ለጥቂቶች የነበረው ጽሕፈት የገበሬው ልጅ ሆነ። ነገር ግን ገበታው ከነሞክሼዎቹ ሲወሰድ ምክንያቱ ያለበት ቤት ቀረ። ቀድሞም ቢሆን ሠና ሰን በሚቈጥርበት ቀንና ምክንያቱን በሚሰማበት ቀን መካከል ለቤተ ክርስቲያን ተማሪ ብዙ ዓመት ያልፍ ነበር፤ ለዘመናዊው ተማሪ ግን ሁለተኛው ቀን ጨርሶ አይመጣም። ግዕዝ ሳይማር «በንጉሡ ጻፍ» የሚባል ልጅ ትእዛዝ ተቀበለ እንጂ ዕውቀት አልተቀበለም።

ፊደሉ ይቀነስ የሚለው ሐሳብ የተነሣውም ከዚሁ ነው። በ1940 ዓ.ም. «ፊደልን ማሻሻል» በሚል ርእስ መጽሐፍ እስከ መታተም ደርሷል። የቀናሾቹ ክርክር ግልጽ ነው፤ ልጅ አይድከም፥ የማተሚያ ፊደልና የጽሕፈት መኪና ይቅለል፥ በአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ይብቃ ይላሉ። የተቃዋሚዎቹን ሐሳብ ለማወቅ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት መመልከት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ቃል ከነሥሩና ከነፊደሉ ተመድቦ ይገኛል። የእርሳቸውን ሥራ ከፍጻሜ ያደረሱት ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የራሳቸውን ሲያሳትሙ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው በዓይኑ ዐ ጻፉ። በግዕዝ ሐዲስ የነበረው ሐ በአማርኛ ቢለዝብም ምንጩ እንዳይረሳ ነው። በርእሱ የመጀመሪያ ፊደል ላይ አንድ ሙሉ ክርክር ተቀምጧል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቻይናም ይህንኑ ፈተና አልፋለች። በ1956 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ የቀለሉ ምልክቶችን ዐወጀ፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቋንቋው በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ፒንዪን ወጣ። ብዙው ማሻሻያ ጭረትን መቀነስ ነበረ፤ በአንዳንድ ቦታ ግን በድምፅ አንድ የነበሩ ሁለት ምልክቶች ወደ አንድ ተጠቃለሉ። «በኋላ» ማለት የሆነውና «ንግሥት» ማለት የሆነው፥ ሁለቱም «ሆው» ተብለው የሚነገሩት፥ ዛሬ በዚያ አገር በንግሥቲቱ ምልክት ብቻ ይጻፋሉ። «ፊት»ና «ዱቄት»ም እንዲሁ ተዋሕደዋል። የዕለት ንባብ በዚህ አልተጨነቀም፤ ዐረፍተ ነገሩ ይለየዋልና። የጥንቱን መጽሐፍ የሚያነብ ግን የቀድሞዎቹን ምልክቶች እንደገና መማር አለበት። በታይዋን የቀድሞው አጻጻፍ እስከ ዛሬ ስላለ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች በሁለት ሥርዓት ይጽፋሉ። እንግሊዝኛም ቢሆን ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም፤ «ናይት» የሚለው አንድ ድምፅ በአንዱ አጻጻፍ ሌሊት፥ በሌላው ፈረሰኛ ነው፤ በትምህርት ቤት ለዚያ የማይነገረውን ፊደል እንድንሸመድድ ስንታዘዝ ማንም ይቀነስልን ብሎ አልተከራከረም።

እኛ ከሁለቱ ወገን የምንቀርበው ወደ ጠባቂዎቹ ነው፤ በአንድ ሁኔታ ግን። ሞክሼዎቹ ከነምክንያታቸው ካልተሰጡ በቀር ለተማሪው ሸክም ናቸው፤ ምክንያቱን ለመስጠት ደግሞ ልጁን ቅኔ ቤት ማስገባት አያስፈልግም። በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል እንደ ሠረቀና ሰረቀ፥ እንደ ዓመትና አመት ያሉትን ሠላሳ ያህል ጥንዶች ከነትርጉማቸው ማስተማር በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚያልቅ ሥራ ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ይህን ሊሰጡ የሚችሉ የቅኔ ዐዋቂዎች ሞልተዋል፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ ግን የሚጠራቸው የለም።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ግን ቅኔ ሳይሆን የገበሬው ወረቀት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በአማራ ክልል ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠው ጀመር። ስሙን የጻፈለት ሠራተኛ በጆሮው የሰማውን ጻፈ። ኃይሉ የሚለው ስም በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀና በኃ፥ በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ዓለም በአራት፥ ፀሐይ በዐሥራ ሁለት ስለሚጻፍ ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት በአርባ ስምንት መልክ ልትገኝ ነው። ይህ ወረቀቱን ሰው ብቻ ያነበው በነበረ ጊዜ ብዙ አላስቸገረም። በ1999 እ.ኤ.አ. የዩኒኮድ ሦስተኛው እትም የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ ግን ለሠና ለሰ፥ ለሐና ለኀ ለየብቻ ቍጥር ሰጣቸው። ስለዚህ ለኮምፒዩተር ኃይሉና ሀይሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከቅኔ መምህሩ ቀጥሎ ሞክሼዎቹን አጥብቆ የሚለይ ይህ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱ ግን የሚለየው በቍጥር እንጂ በትርጉም አይደለም።

በገጠሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የሚደረገው የታወቀ ነው። በደብተሩ ላይ በብዙኃኑ ኀ፥ በመታወቂያው ላይ በሃሌታው ሀ የተጻፈ ገበሬ ለብድር ወይም ለውርስ ጉዳይ ቢሄድ ስሙ አይመሳሰልም ይባላል። ወደ ቀበሌው ተመልሶ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ጉዳዩ ከፍ ካለም ምስክሮች ይዞ ይቀርባል። ምስክሮቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ቃላቸውን በአፍ ይሰጣሉ፥ ጸሐፊውም ይጽፈዋል፤ ስሙን ዘንድ ሲደርስ ብርዑን አቁሞ በየትኛው ሀ እንደሚጽፈው ይጠይቃቸዋል።